ሃያ ሦስተኛው ኩባያ

እናንተ እዚህ ቻናል ላይ የምታነቡት ሁሉ ሌሊት የሆነ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ውሻ ያላዝናል፣ ከዚያ...

የእኔ በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ወሩ ሐምሌ። ቦታው ኦውሉ፣ ሰሜን ፊንላንድ። በዚያ ወር እዚያ ጨለማ የሚባል ነገር የለም። እኩለ ሌሊት ላይ ደጅ ተቀምጠህ ጋዜጣ ታነባለህ።

ውሸት ነው የምትሉ በሉ። የነገርኩት ሰው ሁሉ አላመነኝም። ለምጄዋለሁ።

ግን ሆኗል። በእኔ በኤንሲዮ ላይ ሆኗል።

የምሠራው አንድ የመሐንዲሶች ቢሮ ውስጥ ነው። አምፖል እቀይራለሁ፣ በረዶ እጠርጋለሁ፣ የተደፈነ ቧንቧ እከፍታለሁ። የእነሱ ሥራ ደግሞ ሰው ማቃጠል ነው።

አትሳቁ። ኮምፒውተር ውስጥ መርከብ ይሠራሉ፣ ዋሻ ይሠራሉ፣ የባቡር ጣቢያ ይሠራሉ። ከዚያ እሳት ይለቁበታል። ሰዎቹ ስክሪኑ ላይ ትናንሽ ነጥቦች ናቸው። ነጥቦቹ ወደ በር ይሮጣሉ። ማን ወጣ፣ ማን ቀረ፣ የትኛው በር ጠበበ... ይህን አይተው ለመርከቡ ባለቤት «በርህን አስፋ» ይሉታል። ያን ሁሉ ደመወዝ የሚበሉት ለዚህ ነው።

ያኔ የምኖረው እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ነበር።

ወረቀት ላይ ክፍሉ ዕቃ ቤት ነው። ከትልልቆቹ ኮምፒውተሮች ክፍል ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ በበረዶው ወራት ያለ ማሞቂያ ይሞቃል። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት። መስኮቷ ከውጭ ከሣሩ ጋር እኩል ናት፤ እኔ የሰው ጫማ ነው የማይባት።

እዚያ መኖሬን ማንም ማወቅ አልነበረበትም። ከታወቀ ክፍሉም ይሄዳል፣ ሥራውም ይሄዳል። ሌላ ቤት አልነበረኝም። ይህን ያዙልኝ።

መብራቱ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። ሰው ሲንቀሳቀስ በራሱ ይበራል። ዝም ብለህ ከተቀመጥክ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ኮሪደሩም እንደዚያው ነው፤ ስትራመድ አምፖሎቹ አንድ በአንድ ከፊትህ እየበሩ ይሄዳሉ።

ክፍሌ የእሳት ደወል ግን የለውም። አንድ ጊዜ ለአለቆቹ «እዚያ ዕቃ ቤት ደወል ቢገባ» ብዬ ነበር።

«ለመጥረጊያና ለባልዲ ደወል ምን ይሠራል?» ብለው ሳቁ።

እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

በዚያ ክፍል መኖሬን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ራውኖ።

ራውኖ የመሐንዲሶቹ ሽማግሌ ነው። እነዚያን ሙከራዎች ሁሉ የጀመራቸው እሱ ነው ይላሉ። ሁልጊዜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ኩባያውን ይዞ ይወርዳል። ዓሣ የተሳለበት ነጭ ኩባያ። በጣቱ አያንኳኳም፤ በኩባያው ቂጥ ነው የብረት በሬን የሚመታው።

ኳ... ኳ... ኳ።

«ጌታው፣ ቡና አለ?»

የምድር ቤቱ ጌታ ማለቱ ነው። መቀለዱ ነው። ፎቅ ላይ ብር የፈሰሰበት የቡና ማሽን አላቸው፤ እሱ ግን የእኔን ያረረ ቡና ሊጠጣ ይወርዳል። ብዙም አናወራም። እዚያ አገር ሁለት ወንዶች ዝም ብለው ቡና ከጠጡ ወዳጆች ናቸው ማለት ነው።

ወዳጄ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የእሳት አደጋ ልምምድ ቀን መጣ።

እኔ ክፍሌ ነበርኩ። ደወሉን አልሰማሁም። ትንሽ ቆይቼ ፎቅ ስወጣ ሕንፃው ባዶ ነው። ወንበሮች እንደተሳቡ፣ ስክሪኖች እንደበሩ... ሰው የለም። በመስኮት አየሁ። ሁሉም ግቢው ውስጥ የባንዲራው ምሰሶ ሥር ቆመው ጣፋጭ ዳቦ ይበላሉ። ይሳሳቃሉ። ራውኖ በእጁ እየጠቆመ ይቆጥራል። መስኮቱ በትንሹ ተከፍቶ ነበርና ድምፁ ይሰማኛል።

«ሁሉም ወጥቷል» አለ።

እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜያለሁ። አንድ ሰው ቀና ብሎ አላየም።

ከሰዓት በኋላ ኩባያውን ይዞ መጣ።

«ጌታው፣ ፊትህ ምነው?»

«ሁሉም ወጥቷል አልክ።»

«አልኩ።»

«እኔ ሁሉም ውስጥ የለሁበትማ።»

«እንዴት ልቁጠርህ? ስምህን ብጠራ፣ ‹ኤንሲዮ ምድር ቤት ምን ይሠራል› አይሉም? ዝም ያልኩት ላንተ ብዬ ነው።»

«እሳት ቢሆንስ?»

«ልምምድ እኮ ነው...»

በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት።

በማግሥቱም መጣ። ኳ... ኳ... ኳ። አልጋዬ ላይ ድንጋይ ሆኜ ተቀመጥኩ። እጄን እንኳ ሳላንቀሳቅስ... መብራቱ እስኪጠፋ። በበሩ ሥር ጨለማ ሲያይ የለም ይበል ብዬ ነው።

አላለም።

«አለህ... አውቃለሁ» አለ በሹክሹክታ።

ትንፋሼን ዋጥኩ። ሄደ።

የበረዶው ወራት ሁሉ እንዲህ አለፈ። እሱ ያንኳኳል፣ እኔ ድንጋይ እሆናለሁ፣ መብራቱ ይጠፋል፣ እሱ ይሄዳል። አንድ ቀን አይበቃውም?

ሚያዝያ ላይ የሐይቁ በረዶ ሲሳሳ ራውኖ ብቻውን ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ። በረዶው ከሥሩ ከዳውና ሰጠመ።

ቀብሩ ላይ አልሄድኩም። ማንም አልጠራኝም።

ኩባያው ግን ኩሽናው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ማንጠልጠያው ላይ ቀረ። እዚያ አገር የሞተ ሰው ኩባያ አይነካም። አይወራበትምም። ማንጠልጠያው ራሱ እስኪወድቅ እንደተሰቀለ ይኖራል።

ሐምሌ ሲገባ አገሩ ለዕረፍት ይዘጋል። ሐኪሙም መሐንዲሱም ሐይቅ ዳር ጎጆው ይገባል። ከመሄዳቸው በፊት ቬንላ ፈለገችኝ። የራውኖን ወንበር የወረሰች ልጅ ናት።

«ኤንሲዮ፣ ሐምሌን የት ነህ?»

«የት እሄዳለሁ?»

«ጥሩ። ማለቴ... ለእኛ ጥሩ።»

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ሕንፃችን ነው። ደረጃው፣ ኩሽናው፣ ኮሪደሩ... ምድር ቤቱ ሳይቀር።

«ልናቃጥለው ነው?» አልኳት።

«በስክሪን። ለትልቅ ሥራ ከመነሳታችን በፊት ዘዴውን በራሳችን ቤት እንሞክረው ብዬ ነው። ሐምሌን ኮምፒውተሮቹ ሥራ ፈት ናቸው፤ ሌት ተቀን ይሠሩልኝ።»

«ወር ሙሉ አንድ ቤት ማቃጠል?»

«እሳቱ ከየት ይነሳል፣ ጭሱ ምን ያህል ይፈጥናል፣ የትኛው በር ይዘጋል... ሁሉን ከሁሉ ጋር ላጣምር ካልኩ ልጄ አርጅታም አያልቅም። አንተ በረዶ ላይ ዓሣ አጥምደህ ታውቃለህ?»

ዓይኔን ከስክሪኑ አነሳሁ።

«የሐይቁን ጥልቀት ማወቅ ፈለግክ እንበል። በረዶውን ሁሉ ትበሳለህ? አትበሳም። ጥቂት ቀዳዳ አራርቀህ ትበሳለህ። ከዚያ ቀጣዩን የት ትበሳለህ?»

«ዓሣ ያለበት።»

«ሆዳም» ብላ ሳቀች። «በጣም የማታውቀው ቦታ ላይ ነዋ። ካወቅከው አጠገብ ደግሞ መብሳት ጉልበት መጨረስ ነው። ኮምፒውተሩም እንዲያ ነው። አንዱ ሙከራ ሲያልቅ ‹በጣም ያልገባኝ የት ላይ ነው?› ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ቀጣዩን እዚያ ያደርጋል። ማንም ሳይነግረው።»

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«ራውኖ።»

ስሙ ከአፏ እንደወጣ ሁለታችንም ወደ መስኮት ዞርን።

ከዚያ ቶሎ ቶሎ ነገረችኝ። በየሙከራው ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። ያው ሰው፣ ያው እርምጃ፣ ያው ጠባይ። የሚለወጠው በሩና እሳቱ ብቻ ነው፤ አለዚያ ውጤቱ ሲለያይ ከበሩ ይሁን ከሰዉ አይታወቅም። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ሙከራው ያልቃል፣ ሌላው ይጀምራል። እኔ በቀን አንዴ አያለሁ፤ ነገር ከተበላሸ እደውላለሁ።

«ስንት ሰው አለ?»

«ሃያ ሦስት። ኩባያ ቆጥሬ።»

«ኩባያ?»

«የስም ዝርዝር ላይ የለቀቀም አለ፣ ከቤቱ የሚሠራም አለ። የሚመጣ ሰው ግን ኩባያ አለው። ድሮም እንዲህ ነው የምንቆጥረው። ‹ዝርዝር ይዋሻል፣ ኩባያ አይዋሽም› ይል ነበር... እሱ።»

የእኔ ኩባያ ያለው ክፍሌ ውስጥ ነው።

እንግዲህ አሁንም የለሁበትም። አልነገርኳትም። ምን ብዬ ነው የምነግራት?

ሁሉም ሄዱ።

ኩሽናው ውስጥ ሳህን ላይ አንዲት ቁራሽ ኬክ ደርቃ ቀርታለች። ለማን እንደተተወች አላውቅም። በላኋት። የሆነ ጠረጴዛ ላይ ስልክ ጠራ... ጠራ... ተወ። ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ከዚያ ሁሉ ወንበር አንዱ ላይ ብቀመጥ የሚያስነሳኝ የለም። ተቀመጥኩ። ደስ አይልም። ተነሳሁ።

ወደ ስክሪኑ ሄድኩ።

ነጥቦቹ ከየክፍላቸው ወጡ፣ ደረጃው ላይ ተጋፉ፣ ወደ ግቢው ፈሰሱ። ልክ እንደዚያ ቀን፤ ዳቦው ብቻ ነው የጎደለ።

አንዱ ነጥብ ግን በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ሌሎቹ እያለፉት ወጡ።

ነጥቡ... ዞረ።

ተመልሶ ወደ ውስጥ ገባ። ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ አፍ ሄደና እዚያ ቆመ። ጊዜው አልቆ ኮምፒውተሩ ራሱ እስኪያቋርጠው ድረስ አልተነቃነቀም።

ሌላ ሙከራ ጀመረ። እሳቱ ሌላ ቦታ፣ በሩ ሌላ። ያው ነጥብ እንደገና በሩ ጋ ቆመ። ዞረ። አሁን አንድ ደረጃ ወረደ።

ብልሽት ነው አልኩ። የተማሩትም ይሳሳታሉ።

ወደ ክፍሌ ስወርድ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ የእርጥበት ክብ አየሁ። ኩባያ ተቀምጦ የተነሳበት የሚመስል። በጣቴ ነካሁት። ቡና አይደለም። ውኃ ነው። ሐምሌ ሆኖ... እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

ጠረግኩት።

ክፍሌ ትንኝ በትንኝ ሆኗል። ከውጭ ይልቅ እኔ ጋ ይብሳል። የትንኝ ማባረሪያዋን ጥምዝምዝ ለኩሼ እንደልማዴ አልጋዬ ሥር ወለሉ ላይ አኖርኳት። ጠፋች። ደግሜ ለኮስኳት። ጠፋች። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጣት ትነድዳለች። ወለሉ ላይ ሳወርዳት... ጭሷ ቀጥ ይልና ትሞታለች።

ርጥበት ነው አልኩ። ራሴን እያመመኝ ተኛሁ።

በማግሥቱ ኮምፒውተሩ ፎቁን ረስቶታል። ሙከራው ሁሉ ምድር ቤት ሆኗል። እሳቱን እዚያ ያስነሳል፣ በሩን እዚያ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ እንደገና ይዘጋል... ያልገባው እዚያ ነው ማለት ነው። ነጥቡ ኮሪደሩን አጋምሷል።

ስወርድ ክቡ ኮሪደሩ መሐል ነበር።

ተመልሼ ኩሽና ወጣሁ። ኩባያዎቹ ተሰቅለዋል፣ ሁሉም አቧራ ለብሰዋል። ዓሣ የተሳለበትን አነሳሁት።

ውስጡ እርጥብ ነው።

መልሼ ሰቀልኩትና ስክሪኑ ጋ ሄጄ ለቬንላ ደወልኩላት። ከኋላዋ ውኃ ሲንቦጫረቅና ሕፃን ሲስቅ ይሰማል። ሰው አላቸው።

«ኤንሲዮ? ቆመ እንዴ?»

«አልቆመም። አንዱ ሰው አይወጣም።»

«እንዴት አይወጣም?»

«በሩ ጋ ደርሶ ይመለሳል። ምድር ቤት ይወርዳል።»

«የሚመለስ ሰው አልሠራሁም። ሁሉም የሚሄዱት ቅርብ ወዳለው በር ነው።»

«ይሄኛው አይሄድም።»

«የነጥቡን ቁጥር እየው።»

«ሃያ ሦስት።»

ከኋላዋ ሕፃኑ ጮኸ፣ ውኃው ተንቦጫረቀ።

«ቆይ... እኛ ሃያ ሁለት ነን እኮ» አለች።

ስክሪኑ ላይ ነጥቡ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሟል።

«ኤንሲዮ... የዓሣው ኩባያ አሁንም ተሰቅሏል?»

«ተሰቅሏል።»

«ቆጠርኩት» አለች። ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። «እሱንም... ቆጠርኩት።»

ስሙን ሁለታችንም አልጠራነውም።

«አጥፋው» አለች ቆይታ። «ነጥቡ ላይ ተጫን፣ ‹አስወግድ› የሚል ይመጣልሃል። እሱ እያለ አንድም ሙከራ በጊዜው አያልቅም። ወሩን በከንቱ ይበላብኛል።»

«ምድር ቤት ምን ይፈልጋል ግን?»

«ምን ይፈልጋል፣ ነጥብ ነው እኮ። ምድር ቤት ማንም የለ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«ኤንሲዮ? ምድር ቤት ማንም የለም፣ አይደል?»

ክፍሌን አሰብኩ። አልጋዬን አሰብኩ።

«ማንም የለም» አልኩ።

ነጥቡ ላይ ተጫንኩ። ‹አስወግድ› የሚለው መጣ።

ያኔ አንተ አልቆጠርከኝም አልኩት በሆዴ። አሁን ተራው የእኔ ነው።

ተጫንኩት።

ሃያ ሁለቱ ነጥቦች ወጡ፤ ሙከራው ወዲያው አለቀ። ሌላው ጀመረ፣ አለቀ። ሌላው። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ደረጃውን ስወርድ ነው አንድ ሐሳብ የያዘኝ።

ስክሪኑ ውስጥ ከሌለ... አሁን የት ነው?

ኮሪደሩ አፍ ላይ ቆምኩ። ከእኔ በላይ ያለው አምፖል በራ። መሐሉ ጨለማ ነው። ከዚያ ማዶ ግን፣ በሬ አጠገብ... ሌላ አምፖል በርቷል።

እኔ እዚያ አልደረስኩም።

ቆሜ ጠበቅኩ። ቆይቶ ጠፋ። አንድ የሆነ ነገር መንቀሳቀሱን እንደተወ ሁሉ።

ወዴት ልሂድ? ስንት ሰው ስልኬ ውስጥ እንዳለ ታውቃላችሁ? ቬንላ፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ እና የማያነሳ ወንድሜ። ሄድኩ። የክፍሌ ደፍ ላይ ክቡ ነበር። ተሻግሬው ገባሁና ቆለፍኩ።

ወለሉ ላይ ትንኞቹ ሞተው ተነጥፈዋል። ከኮምፒውተሮቹ ክፍል በኩል ሽ... የሚል ቀጭን ድምፅ አለ። ማራገቢያው ይሆናል አልኩ። ራሴ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከብዷል። ጋደም አልኩ።

ሰዓቱን አየሁ። ስምንት።

ኳ... ኳ... ኳ።

ድንጋይ ሆንኩ። እንደለመድኩት። እጄን ሳላንቀሳቅስ፣ ዓይኔን ሳላርገበግብ... ከመስኮቷ ፀሐይ ትገባለች፣ አምፖሉ ግን ከላዬ ጠፋ። በበሩ ሥር የኮሪደሩ መብራት ይታየኛል። መሐሉ ላይ ሁለት ጥቁር ቦታ አለ። የጫማ ያህል።

«ጌታው... ቡና አለ?»

ዝም።

«አለህ... አውቃለሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልፈራሁም። ተናድጄ ነበር። ሞተህም አልተውከኝም? አልኩት በሆዴ። ከዚያ እንቅልፍ የሚመስል ጣፋጭ ነገር ከእግሬ ጀምሮ እየዋጠኝ መጣ። ልገላበጥ አልኩ።

እጄ አልታዘዘኝም።

ያኔ ነው የፈራሁ።

ኳ... ኳ...

ድምፁ እየደከመ ነው። እኔም እየደከምኩ ነው።

«ጌታው...» አለ። ከንፈሩ የብረት በሩ ላይ የተጣበቀ ይመስላል። «እየቆጠርኩ ነው። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።»

ከአልጋው ወደቅኩ። ታች አየር የለም። አፌን ከፍቼ ብስብ የሚገባ ነገር የለም። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ፣ ቁልፉን ዳበስኩ፣ አጣሁት፣ አገኘሁት።

ከፈትኩ።

ማንም የለም።

ኮሪደሩ ግን እስከ ደረጃው ድረስ አምፖሉ ሁሉ በርቷል። እያንዳንዱ። ደፉ ላይ ዓሣ የተሳለበት ኩባያ ተቀምጧል፣ እስከ አፉ ውኃ ሞልቶ። ተሻግሬው ሄድኩ። በየትኛው እግሬ እንደወጣሁ አላውቅም። ስነቃ የባንዲራው ምሰሶ ሥር ሣሩ ላይ በግንባሬ ተደፍቻለሁ።

የሚሰበሰቡበት ቦታ። እዚያ ቆሜ አላውቅም ነበር።

በሞባይሌ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጠራሁ። መጡ። አለቃቸው ፂማም ጎልማሳ ነው፤ መሣሪያ ይዞ እስከ ደረጃው አፍ ወርዶ ተመለሰ።

«የኮምፒውተሮቹ ክፍል የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ጠርሙስ እያፈሰሰ ነው» አለ። «ያረጀ ዕቃ። ሽታ የለውም። ከአየር ይከብዳል፣ ከወለል ጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚሞላው። ጭንቅላትህን አላመመህም?»

«አሞኛል።»

«ትንሽ ብትቆይ ኖሮ ቀርተህ ነበር። ምን ትሠራ ነበር እዚያ?»

አልጋዬን ያገኙታል። አለቀ።

«ማን ቀሰቀሰህ?»

«በር ተንኳኳ።»

«ማነው ያንኳኳው?»

ሣሩን አየሁ።

«አባባ፣ ስማኝ። ውስጥ ሌላ ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ። «ሁሉም ወጥቷል።»

ቃሉ የማን እንደነበረ የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ከሰውዬው ትከሻ በላይ የክፍሌ መስኮት ይታየኛል፣ ከሣሩ ጋር እኩል። ውስጥ መብራቱ በርቷል።

«ልጆችህ ገብተዋል እንዴ?» አልኩት።

«ማንም አልገባም። ጋዙ እስኪወጣ እየጠበቅን ነው።»

መብራቱ አልጠፋም።

በኋላ ሲገቡ ማንንም አላገኙም። ኩባያም አላገኙም። አልጋዬን አገኙት። ክፍሉን ወሰዱብኝ፣ የኮሪደሩን በር በግንብ ደፈኑት። ሥራውን ያልተነጠቅኩት ቬንላ ተናግራልኝ ነው ይላሉ። አላመሰገንኳትም። አሁን ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል አለችኝ፤ ደወል አላት።

ቬንላ ስትመለስ ስክሪኑ ጋ ጠራችኝ።

«ነጥቡን አጥፋው ብዬህ አልነበር?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ማነው?»

ሃያ ሁለቱ ግቢው ውስጥ ናቸው። ምድር ቤት፣ የእኔ ክፍል ውስጥ፣ አልጋው በነበረበት ጥግ... አንድ ነጥብ አለ። ቁጥር የለውም። ጊዜው አልፏል፤ ኮምፒውተሩ ግን እንደ ድሮው አላቋረጠውም፣ ሌላም አልጀመረም።

ስክሪኑን ዘጋችው። ወደ መስኮት ዞረች።

የዓሣው ኩባያ ማንጠልጠያ ባዶውን ቀርቷል። አንድ ቀን ሳይ አዲስ ኩባያ ተሰቅሎበታል፣ ስሜ ተጽፎበት። ማን እንደሰቀለው አልጠየቅኩም። አልተጠቀምኩበትምም።

አንድ ቀን ብቻ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቡና ቀዳሁበትና በሕንፃው ጀርባ ዞርኩ። መስኮቷ ውስጥ መብራቱ እንደ ሁልጊዜው በርቷል። በሩ ከተደፈነ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም። የገመድ ችግር ነው ይላሉ።

ሣሩ ላይ ተንበረከክኩ። በኩባያዬ ቂጥ መስታወቱን መታሁት።

ኳ... ኳ... ኳ።

«ራውኖ» አልኩ። «ቡና ይዣለሁ።»

ምንም የለም።

«አለህ... አውቃለሁ።»

ቡናው እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ።

ከዚያ ውስጥ መብራቱ ጠፋ።